ከቁልፉ ጋር የሚተኛ ሽቦ

(የመግቢያ ሙዚቃ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ሞተርሳይክል ላይ ሆናችሁ በጆሮ ማዳመጫ የምትከታተሉን ካላችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ የዛሬው ጨዋታ ሐሳብ ይወስዳል። ቤት ያላችሁት ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ፣ ቁጥር እጠራለሁ።

አስቀድመን ቃላችንን እናስማማ። እኛ አገር “ሞተር” ሲባል አንዳንዴ ከነጎማው የምንነዳው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ነዳጅ የሚያቃጥለው ብረት። ዛሬ ግራ እንዳንጋባ የምንነዳውን ሞተርሳይክል፣ ብረቱን ሞተር እላለሁ። “ኮንታክት” ስል ቁልፉ የሚገባበትን፣ መካኒኮቻችን እንደሚጠሩት ማለቴ ነው። “ማሳ” ስል የባትሪውን ኔጌቲቭና ከእሱ ጋር የተያያዘውን የሞተርሳይክሉን ብረት ነው።

አንድ ዕቃ አድራሽ ወጣት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው በስልኩ ነው፤ ትእዛዝ የሚመጣው በስልክ፣ አድራሻው የሚታየው በስልክ፣ ክፍያው በስልክ። ስልኩ ከሞተ እንጀራው ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ መሪው ላይ የዩኤስቢ ቻርጀር አስገጠመ። ገጣሚው ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በዐሥር ደቂቃ ሁለቱን ሽቦ ወስዶ ባትሪው ላይ አሰረለት፤ አንዱን ፖዘቲቭ፣ አንዱን ኔጌቲቭ። ሠራ። ሰማያዊ መብራቱም ያምራል።

አንድ ማታ ልጁ ፓወር ባንኩን ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ ረሳው። ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር ዳሽቦርዱ እንኳን አልበራም። ሞተሪኖው “ጠቅ” ብሎ ዝም። ባትሪው አርጅቷል ተባለና አዲስ ገዛ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቤተሰብ ጉዳይ አገር ቤት ሄዶ ሲመለስ አዲሱም ደርቆ ጠበቀው። ባትሪ ሻጩን ሊጣላ ሲሄድ ነው ያገኘሁት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የትንሽ ሞተርሳይክል ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ አቅሙ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 9 አምፔር-ሰዓት ነው። የልጁ 5 ነበር። 12 በ5 ሲባዛ 60 ዋት-ሰዓት፤ በባትሪው ሆድ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ገበያ ላይ “ዐሥር ሺህ” የሚባለው ፓወር ባንክ በራሱ ወደ 37 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በመንገድ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት፣ ባዶ ፓወር ባንክ እስኪሞላ ከባትሪው 50 ገደማ ይመጠጣል። ከ60 ላይ 50 ተወስዶ ሞተሪኖ የሚያዞር ኃይል ከየት ይምጣ?

ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ የዝምታ ነው። ምንም ሳይሰካበት ያ ሰማያዊ መብራትና የቻርጀሩ ውስጣዊ ዕቃ አንድ ላይ 20 ሚሊአምፔር ቢበሉ፣ በቀን ወደ ግማሽ አምፔር-ሰዓት ነው። በዐሥር ቀን 5። ልጁ አገር ቤት የቆየው ሁለት ሳምንት ነበር። ባትሪ ሻጩ ንጹሕ ሰው ኖሯል።

ታዲያ ልጁ የሚፈልገው ምንድን ነው? ቁልፉ ሲዞር አብሮ የሚነቃ፣ ቁልፉ ሲወጣ አብሮ የሚተኛ መስመር። ሞተርሳይክላችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሽቦዎች በብዛት አሉ። ሥራው እነሱን መፈለግ ነው፤ ፈልጋችሁ ካገኛችኋቸው በኋላ ደግሞ ምን ያህል ሸክም እንደሚችሉ ማወቅ።

(አጭር ሙዚቃ)

መፈለጊያው መሣሪያ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቤት የግድግዳ ሶኬት የምንፈትሽበት፣ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ቀይ መብራት ያለው ካቻቢቴ አለ። እሱን እዚያው ተዉት። ያቺ ቀይ መብራት ለመብራት በአሥር የሚቆጠር ብዙ ቮልት ትፈልጋለች፤ 12 ቮልት አይቀሰቅሳትም። ሁሉም ሽቦ የሞተ ይመስላችኋል።

የሚያስፈልገው ቁጥር የሚያሳይ መልቲሜትር ነው። ርካሹም ይበቃል። መምረጫውን በቀጥታ ጅረት፣ 20 ቮልት ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አጥብቃችሁ ያዙት። ቀዩን በምትጠረጥሩት ሽቦ ላይ። አሁን ቁልፉን ሳታዞሩ እዩ፤ ዜሮ ማለት አለበት። ቁልፉን አዙሩ፤ ወደ 12 ከፍ ማለት አለበት። መልሳችሁ ዝጉ፤ መውደቅ አለበት። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ መፈተሹን ሲያቆም ነው።

ቁልፉን እንደከፈታችሁ የፊት መብራቱን ከረጅም ወደ አጭር ቀይሩ፤ ቁጥሩ ይጠፋል? ፍሬቻ አብሩ፤ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል? ፍሬን ርገጡ፤ አሁን ብቻ ነው የመጣው? ሞተሪኖውን ምቱ፤ በዚያ ቅጽበት ይጠፋል? ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ እዩት፤ ደኅና ሞተርሳይክል ላይ ከ13 ተኩል እስከ 14 ተኩል መካከል ይቆማል። ይህን ሁሉ አልፎ ጸንቶ የቆመ ሽቦ፣ የቁልፍ መስመር ነው። አንዳንድ የጃፓን ሞተርሳይክሎች ላይ ኮንታክቱ ሌላ ተጨማሪ ቦታ አለው፤ ቁልፉ ይወጣል፣ የኋላ መብራት ግን ይበራል፤ ማታ መንገድ ዳር ለሚቆም ነው የተሠራው። ከኋላ መብራት የቀጠለ ሰው ቁልፉን በስሕተት እዚያ ላይ ካወጣው ቻርጀሩ ሌሊቱን ይነቃል፤ እንደ ልጁ።

መልቲሜትር አንድ ሐሰት አለበት። ሽቦው በዝገት ተበልቶ አንዲት ክር ብቻ ቀርታው ቢሆንም 12 ያሳያችኋል፤ እሱ ራሱ ከሽቦው የሚወስደው ጅረት ከምንም አይቆጠርምና። ስለዚህ በሁለተኛ ዙር በአምፖል ፈትኑ። የዳሽቦርድ ትንሽ አምፖል ግዙ፣ ሁለት ሽቦ ሰኩላት፣ አንዱን ማሳ አንዱን የምትፈትሹት ሽቦ ላይ። ደምቃ ከበራች መስመሩ ጤነኛ ነው። ደብዝዛ ከበራች፣ ቁጥሩ 12 ቢልም እንኳ፣ አትመኑት። ብቻ ይህችን አምፖል ይዛችሁ ነዳጅ በኮምፒውተር በሚረጭበት ሞተርሳይክል የዳሳሽና የኮምፒውተር ሽቦዎች ውስጥ አትግቡ። ብዙዎቹ 5 ቮልት ላይ የሚሠሩ፣ አምፖል የማይሸከሙ ስሱ መስመሮች ናቸው።

ስለ ሽቦ ቀለም ልናገር። ይህ የመካኒኮች ትልቁ ክርክር ነው። በሆንዳ ጥቁሩ ከቁልፍ በኋላ የሚመጣው ነው፣ አረንጓዴው ማሳ፣ ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ። ከሆንዳ ንድፍ የተወለዱት የቻይና 125 እና 150ዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ይከተላሉ። ያማሃ ጋ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከቁልፍ በኋላ ያለው ቡናማ ነው፣ ጥቁሩ ማሳ ነው! ሱዙኪ ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ማሳው ጥቁር ነጭ መስመር ያለው። ሆንዳ ላይ እጁ የፈታ መካኒክ ያማሃ ላይ ጥቁሩን “ይኸው የቁልፍ መስመር” ብሎ ቢያገናኝ በማሳ ላይ ማሳ አገናኘ። የተሻለ ዕድል ከገጠመው ምንም አይሠራም፤ የባሰ ከገጠመው ፊውዝ ይቃጠላል።

በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ገና ተማሪ ሳለሁ በሆንዳ ንድፍ የተሠራ አንድ ሞተርሳይክል ላይ ጥቁሩን ፈልግ ተባልኩ። መብራቱ ደካማ ነበር፣ እኔም ቸኩያለሁ፤ ጥቁር ሽቦ ይዤ ቀጠልኩ። የቻርጀሩ መብራት አልበራም። ሞተሩም እንቢ አለ። በእግሬ እየመታሁ፣ ካንዴላ እያወጣሁ፣ ሰርባቶዮ ውስጥ ነዳጅ መኖሩን እያየሁ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለካስ ሽቦው ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ቀጭን ነጭ መስመር ነበረው። ያ ሽቦ የማጥፊያው ነው። በእነዚህ ሞተርሳይክሎች ላይ ሞተሩን የሚያጠፋው ያ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲነካ ነው። እኔ ደግሞ በቻርጀሩ አማካይነት ከማሳ ጋር አነካክቼዋለሁ። መምህሬ መጥተው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ልጄ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አስነሣ ትለዋለህ?” አሉኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ለእኔ ጥቆማ ብቻ ነው፤ ምስክሩ መልቲሜትር ነው። በተለይ ከዚህ በፊት ሦስት አራት እጅ የገባበት ሞተርሳይክል ላይ፣ ቀይ ሽቦ አልቆበት በአረንጓዴ የቀጠለ ስንቱን አይተናል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሽቦው የት ይገኛል የሚለው። የመጀመሪያ ምርጫዬ የኋላ ፍሬን መብራት፣ የስቶፑ ማብሪያ ነው። በቀኝ እግራችሁ የፍሬን መርገጫ አካባቢ፣ በትንሽ ስፕሪንግ የሚሳብ ዕቃ ታያላችሁ። ሁለት ሽቦ ይገባበታል። አንደኛው ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ሁልጊዜ 12 ቮልት አለው፤ ሌላው ፍሬን ስትረግጡ ብቻ። የምትፈልጉት አንደኛውን ነው። በሆንዳ ንድፍ አንደኛው ጥቁር፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ቢጫ መስመር ያለው ነው። ለምን ይህን እንደመረጥኩ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ክላክሱም ጥሩ ነው፤ ከፊት ስለሆነ መሪ ላይ ለሚገጠም ነገር ይቀርባል። ብዙ ሞተርሳይክል ላይ ከክላክሱ ሁለት ሽቦ አንደኛው ቁልፉ ሲከፈት ኃይል ይኖረዋል፤ መጫኛው የሚያገናኘው ማሳውን ነው። ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ መጫኛው ፖዘቲቩን የሚልክባቸውም አሉ። በዚያኛው ዓይነት ላይ ብትቀጥሉ ስልካችሁ የሚሞላው ክላክስ ስትነፉ ብቻ ይሆናል! ለመርካቶ መንገድ ይበቃ ይሆናል። የፍሬቻው ማብለጭለጫ ሣጥን መግቢያም ይሆናል፣ መውጫው ግን ያብለጨልጫል፤ ተጠንቀቁ።

አሁን ስቶፑን ለምን እንደመረጥኩ። ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ፊት መብራት ነው። ቅርብ ነው፣ ሽቦው ወፍራም ነው፣ ይፈታል። ነገር ግን በትንንሽና በቆዩ ሞተርሳይክሎች ላይ የፊት መብራት ከባትሪ ጋር ጨርሶ ላይተዋወቅ ይችላል። ሞተሩ ውስጥ ካለው ዳይናሞ በቀጥታ፣ ተለዋዋጭ ጅረት ይመጣለታል። አንዳንዶቹ ላይ የኋላ መብራቱም በዚያው መስመር ነው። ለአምፖል ችግር የለውም፤ አምፖል የሚወርድ የሚወጣ ጅረት ቢያገኝ ይሞቃል ይበራል፣ ሌላ አያውቅም። የዩኤስቢ ቻርጀር ግን ቀጥተኛ ጅረት ነው የሚፈልገው። በተለዋዋጩ ላይ ከገጠማችሁት በትክክል አይሠራም፣ ወይም ጥቂት ቀን ሠርቶ ይቃጠላል። አንዳንዴ ስልኩንም ይዞ ይሄዳል።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ማታ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ክፈቱና የፊት መብራቱን አብሩ። ካልበራ ጠርጥሩ። ሞተሩን አስነሡ፤ ነዳጅ ስትሰጡት መብራቱ ደምቆ፣ ስትለቁት ደብዝዞ የሚጨፍር ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው። በመልቲሜትር ማረጋገጥ የፈለገ መምረጫውን ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ቮልት ይቀይረው፤ ነዳጅ ሲሰጥ ቁጥሩ አብሮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሞተርሳይክል ካላችሁ መብራቶቹን ተዉአቸው፤ ስቶፕና ክላክስ ብዙ ጊዜ በባትሪው ወገን ስለሆኑ እነሱን ያዙ።

አሁን ደግሞ ሸክሙን እንመዝን። ትንሽ ሒሳብ ነው፤ ዋትን ለ12 ካካፈላችሁ አምፔር ይወጣል። ስልክ ቻርጀር 10 ዋት ነው፣ አንድ አምፔር እንኳን አይሞላም። ይህን ከስቶፑ መስመር በቀጥታ ብትቀጥሉት፣ በ2 ወይም በ3 አምፔር ፊውዝ፣ ማንም አይሰማውም። ሁለት ተጨማሪ መብራት፣ እያንዳንዱ 20 ዋት፣ 40 ዋት፤ ከ3 አምፔር በላይ። የመኪና ክላክስ አንድ ብቻውን 5 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጎትታል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ማለዳ የሚነዳ ሰው ደግሞ እጀታ ማሞቂያ ቢያስገባ አልፈርድበትም፤ እሱም 3 እና 4 አምፔር ይበላል። እነዚህን ሁሉ በቁልፍ መስመር ላይ መጫን አይሆንም።

ለምን? ከባትሪው የሚወጣው ቀይ ሽቦ ወደ ኮንታክቱ ይሄዳል፤ በኮንታክቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የመዳብ ምላሶች ይነካካሉ፤ ከዚያ የሞተርሳይክሉ ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ ክላክስ ሁሉ በዚያች ንክኪ ያልፋል። እኛ ተጨማሪ መብራት ስንጭንባት ትሞቃለች፣ ፕላስቲኳ ይቀልጣል፣ አንድ ቀን መንገድ መሐል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ኮንታክት ሲቃጠል ሰዉ ቁልፉን ነው የሚወቅሰው። ደግሞም የትንሽ ሞተርሳይክል ዳይናሞ የሚያመነጨው ውሱን ነው፤ የፊት መብራቱ ብቻ 35 ዋት ሲወስድ ለሌላው የሚቀረው ብዙ አይደለም። በተለይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር፣ መብራት ላይ ቆመን፣ ሁሉንም ካበራን ከባትሪው መበደር እንጀምራለን።

ስለዚህ ከአንድ አምፔር ብዙ ለሚያልፍ ነገር የቁልፍ መስመሩ መልእክተኛ ብቻ ይሁን። ሸክሙን ሌላ ይሸከም። ይህን የሚሠራው ዕቃ ሪሌ ይባላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሪሌ ማለት ደጃፍ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። በሩ ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፤ ዘበኛውን ለመቀስቀስ ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ ትበቃለች። በሣጥኗ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ከአንድ አምፔር አንድ አምስተኛ ገደማ ሲያገኝ ማግኔት ይሆናል፣ አንድ ብረት ይስባል፣ ብረቱ ትልቁን መስመር ያገናኛል። ስትሰሙት “ቀጭ” ይላል። ስሙ ከፈረስ የመጣ ነው፤ በድሮ ዘመን መልእክት የሚወስድ ጋላቢ ፈረሱ ሲደክም በየጣቢያው ትኩስ ፈረስ ይቀይር ነበር፤ ቴሌግራፍ ሲመጣ በረጅም ሽቦ ላይ የደከመውን ምልክት በአዲስ ኃይል የሚያስቀጥለውን ዕቃ በዚያው ስም ጠሩት። ቁልፋችን የደከመው ፈረስ ነው፣ ባትሪው ትኩሱ።

እስክሪብቶ አንሡ። ተራ የመኪና ሪሌ አራት እግር ያለውን ግዙ፤ ከሥሩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 30፣ 87፣ 86፣ 85። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ ወደ 30። ከ87 ወደ መብራቱ፣ ወይም ወደ ፈለጋችሁት ዕቃ ፖዘቲቭ። ከስቶፑ ማብሪያ ያገኛችሁት የቁልፍ መስመር በቀጭን ሽቦ ወደ 86። 85 ወደ ማሳ። የዕቃው ኔጌቲቭ በቀለም በተቀባ ብረት ላይ በብሎን ሳይሆን በሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለስ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አለቀ። ቁልፉን ስታዞሩ “ቀጭ” ትላለች፣ መስመሩ ይነቃል። ቁልፉ ሲወጣ ደግሞ “ቀጭ”፣ ይተኛል። ጠዋት በሩ ላይ ቆማችሁ ያቺን ሁለት ድምፅ ከሰማችሁ መልቲሜትር እንኳን ላያስፈልጋችሁ ነው።

ፊውዙ የት ነው? አትዝለሉት፤ ከሁሉ በፊት እሱ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በወጣው ወፍራም ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ይመስለናል፤ አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ያ ሽቦ ሰርባቶዮ ሥር ያልፋል። መሪው እየዞረ ልባሱን ፋቅ ፋቅ አድርጎ አንድ ቀን መዳቡ ብረት ቢነካ፣ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ ሽቦው እንደ ምድጃ ክር ይቀላል፤ ነዳጅ ደግሞ ከላይ ነው። ፊውዙ ከሽቦው ጫፍ፣ ከመብራቱ አጠገብ ቢሆን፣ ከባትሪ እስከዚያ ያለው ሁሉ ያለ ጠባቂ ቀረ። ቁጥሩን ስትመርጡ ከዕቃው ፍላጎት ትንሽ ከፍ፣ ሽቦው ከሚችለው ግን ዝቅ ይሁን። 4 አምፔር ለሚበሉ መብራቶች ስፋቱ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ሽቦና 5 ወይም 7 ተኩል አምፔር ፊውዝ ደኅና ነው። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ወረቀት ብር ጠቅልሎ፣ ወይም በሽቦ ክር ቀጥሎ “ለጊዜው” የሚያልፍ ሰው አለ። እሱን እኔ አልገጥምለትም፤ ይቅርታ፣ ብዙ ጊዜ ስለተጣላሁበት ነው።

መግጠሙ ራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ስትመልሱ ግን ፖዘቲቩ ቀድሞ፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኔጌቲቩ ገና እንደታሰረ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የሞተርሳይክሉን ብረት ቢነካ ብልጭታ ይወጣል። ቀለበት ያደረጋችሁ አውልቁ። ያገባችሁ በተለይ። የጋብቻ ቀለበት በባትሪና በብረት መካከል ሲገባ የሚሆነውን ያየ ሰው ዳግም አይረሳም።

መቀጠያው ላይ ደግሞ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የተለመደ ነው። ናስትሮ በፀሐይ ሙጫው ይቀልጣል፣ በክረምት ውኃ ይገባበታል፣ ከስድስት ወር በኋላ አረንጓዴ ዝገት ነው የምታገኙት። እኔ የምወደው ሽቦውን ሳልቆርጥ ልባሱን ብቻ ጥቂት ገልጬ፣ አዲሱን ጠምዝዤ፣ በእርሳስ በይጄ፣ በሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ ቱቦ ማልበስ ነው። የሚበይድ ከሌለ በፒንሳ የሚጨመቅ መያዣ ይሁን። ያች ሽቦ ሳይላጥ የምትነክስ የፕላስቲክ ጥርስ ደግሞ አለች፤ ፈጣን ናት፣ ግን የሽቦውን ክሮች እየቆረጠች እርጥበትም ታስገባለች፤ ለቤት ውስጥ ነገር ይሁንላት። ሽቦውን ስትዘረጉ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩና እዩ፤ የሚወጠር ወይም የሚቆነጠጥ ከሆነ ፍቱት። ከማርሚታውም አርቁት።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ ከአድማጮቻችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። “ሁሉም ነገር ከቁልፉ ጋር መተኛት አለበት ወይ?” የለበትም። ሰዓት፣ ማንቂያ ደወል፣ ድርጅቶች ሞተርሳይክሎቻቸው ላይ የሚያስገጥሙት ጂፒኤስ፣ እነዚህ የሚጠቅሙት ባለቤቱ ሲተኛ ነው። ሌባ ቁልፍ ይዞ አይመጣማ! እነሱ ከባትሪው በቀጥታ፣ በትንሽ ፊውዝ ይታሰሩ። በምትኩ ሞተርሳይክሉ ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ የሚበሉትን በሚሊአምፔር ለኩና ቅድም በሠራነው ሒሳብ ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ አስሉት። የልጁ ጥፋት ቻርጀሩ በቀጥታ መታሰሩ ብቻ አልነበረም፤ መተኛት ያለበትን ነገር እንቅልፍ መንሣቱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ በዚህ ዓመት የበዛ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ በየመንገዱ በርክቷል። ባለ ሁለት ጎማዎቹ ላይ ዋናው ባትሪ 12 ቮልት አይደለም፤ 48፣ 60 ወይም 72 ነው። የ12 ቮልት ቻርጀር በዚያ ላይ ቢሰካ አንዲት “ጧ” ሰምታችሁ ታበቃላችሁ። መብራቱንና ክላክሱን የሚመግብ፣ ከፍተኛውን ወደ 12 የሚያወርድ ሣጥን ውስጡ አለ፤ የምትቀጥሉት ከዚያ በኋላ ካለው መስመር ነው፤ የቁልፍ መስመሩም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የሣጥኑ አቅም በላዩ ተጽፏል፣ መብራቶቹ የሚወስዱትን ቀንሱና የተረፈውን ተጠቀሙ።

አንድ ብልጠት አይቻለሁ፤ ብልጠት ከተባለ። ያየሁት ባለ 72 ስድስት የ12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ የታሰረበት ነበር። አንዱ ሰው “12 ከፈለግሁ ከስድስቱ አንዱን ልጠቀም” ብሎ ቻርጀሩን በመጨረሻዋ ባትሪ ላይ አሰረ። ሠራለት። ነገር ግን ያቺ አንዲት ባትሪ ከአምስቱ እኅቶቿ በላይ በየቀኑ ትለቃለች፤ ሲሞሉ ደግሞ እኩል ነው የሚሞሉት። ሁልጊዜ ኋላ ትቀራለች። ቀድማ ትሞታለች፣ በተከታታይ ስለታሰሩም የስድስቱን ጉዞ ይዛ ትወድቃለች። ከማውረጃው ሣጥን በኋላ ቢቀጥለው ኖሮ ባትሪዋን ባላጣ ነበር።

ልጁስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ቻርጀሩ ከባትሪው ተፈቶ፣ በስቶፑ ማብሪያ በኩል፣ በ2 አምፔር ፊውዝ ታሰረለት። ሪሌ አላስፈለገውም፣ ሸክሙ ትንሽ ነዋ። ከባትሪ ሻጩ ጋር ታርቀዋል፤ ፓወር ባንኩን አሁን ቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚሞላው።

በሚቀጥለው ሳምንት የምንነጋገረው ስለ ዳይናሞውና ባትሪ ስለሚሞላው ሣጥን ነው። እስከዚያ ሁለት ቁጥር ጽፋችሁ ጠብቁኝ። አንደኛውን፣ ነገ ጠዋት ሞተርሳይክሉን ከመንካታችሁ በፊት፣ ባትሪው ላይ የሚታየውን ቮልት። ሁለተኛውን፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁት ሳለ የሚታየውን። የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ያላችሁ ደግሞ ከማውረጃው ሣጥን በኋላ ያለውን 12 ቮልት፣ መብራት ጠፍቶና በርቶ። ወረቀቱን መቀመጫው ሥር አስቀምጡት፤ ከዚያው እንጀምራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)